ካቻቢቴው ከመነሣቱ በፊት

የቤት ዕቃ ፋሽን እንደ ልብስ ፋሽን ሁሉ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ አለው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ ቁም ሣጥን ቦታ ይዞ፣ ጥሩ እንጨት ለብሶና ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ በየሳሎኑ ይታይ የነበረው ትልቁ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ለብዙ ዓመታት በቀጫጭኖቹና በጥቃቅኖቹ ተተክቶ ከቆየ በኋላ፣ እነሆ ዛሬ ተመልሶ መጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዙ ዋርፍዴል በ1965 ያወጣውን ሊንተን የተባለ ሞዴል በ2019 እንደገና ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካው ጄቢኤል የ1970ውን ኤል 100 በ2018፣ ኬኤልኤች ደግሞ የ1968ቱን ሞዴል ፋይቭ በ2021 መለሱ። መልካቸው የጥንት ነው፤ ውስጣቸው ግን በዛሬ ስሌት የተሠራ ነው። ክብደታቸውም የጥንቱን ይመስላል፤ ሊንተን አንዱ ሳጥን ብቻውን 18 ኪሎ ያህል፣ ኤል 100 ደግሞ ከ26 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ጉዳዩን በቤተሰብ ዐምዳችን ለማንሣት ያነሣሣን ምክንያት አለ። በጁባ ግዳጁን ፈጽሞ ወደ አገሩ የሚመለስ ወታደር ለቤቱ ሊያስገባ ከሚመኛቸው ዕቃዎች አንዱ ጥሩ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሌላው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ሳጥን አቧራውን አራግፎ እንደገና ሊያናግረው ይሻል። በሁለቱም ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አንድ ነው። ሳጥኑ ገብቶ፣ ተተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በደስታ ካለፉ በኋላ አባወራው «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ማለት ይጀምራል። ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ቱዊተሩ ይቀየር የሚል አለ፣ ካፓሲተሩ ይለወጥ የሚል አለ፣ ውስጡ ጥጥ ይጨመርበት የሚልም አይጠፋም። በመጨረሻም ካቻቢቴና ፒንሳ ይወጣል። ባለቤቲቱም ከጓዳ ብቅ ብላ፦

«አንተ ሰው፣ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ገና ሳንጠግበው ልትበትነው ነው?» ትለዋለች።

«ላሻሽለው እንጂ ልበትነው አይደለም» ይላል እርሱ።

እኛ በዚህ ክርክር በባለቤቲቱ በኩል ነን፤ ምክንያታችንንም እናስረዳለን።

ድምፅ ማጉያ በመሠረቱ ቀላል መሣሪያ ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በ1925 ያቀረቡት አሠራር በዋናው ነገሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሾጣጣም አየሩን ይገፋል። ችግሩ ሾጣጣው በፊቱ ሲገፋ በጀርባው የሚስብ መሆኑ ነው። የፊቱና የጀርባው ድምፅ ቢገናኙ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሳጥን ያስፈለገው የጀርባውን ድምፅ ለማገት ነው። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ ኤአር 1 በተባለው ሥራው ሳጥኑን አየር እንዳያስገባ ዘግቶ፣ የታፈነው አየር ራሱ ለሾጣጣው እንደ ሞላ እንዲያገለግል አደረገ፤ በዚህም ብልሃት ከትንሽ ሳጥን ትልቅ የቤዝ ድምፅ አወጣ። ሌሎች ደግሞ ሳጥኑን በቱቦ ቀድተው የጀርባውን ድምፅ ለጥቅም አዋሉት። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሾጣጣውን ጠባይ፣ የሳጥኑን ስፋትና የቱቦውን ርዝመት የሚያስማማ ስሌት ካሳተሙ ወዲህ ሥራው ከግምት ወጥቶ ወደ ሒሳብ ገባ።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ተሰልቶ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅ፣ ቱቦውን በጨርቅ መወተፍ ወይም ወፍራም ጣውላ ማጣበቅ የአንዱን ልክ በመንካት የሌሎቹን ማፋለስ ነው። ዝም ብሎ መኖር የሚችልን ትዳር በምክር ብዛት እንደ ማወክ ይቆጠራል።

ከሁሉም የረከሰውና ከሁሉም የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ማሻሻያ ሳጥኑን ማንቀሳቀስ ነው። ይህ ወጪ የለውም፤ ካልተስማማም በአንድ ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሳጥን ከግድግዳ ጥግ ሲወሸቅ የቤዙ ድምፅ ከሁለት ግድግዳና ከወለሉ እየተመለሰ ያብጣል፤ ዘፋኙም በእንስራ ውስጥ ሆኖ የሚያዜም ይመስላል። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ይከሠታል። ከኋላው ያለው ግድግዳ 85 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ወደዚያ ሄዶ የሚመለሰው ድምፅ በ100 ኸርትዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተቃርኖ ያንን ኖታ ያደክመዋል። «ቤዙ ቀጥኗል» ተብሎ ውፈር ሊገዛለት የታሰበ ሳጥን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት በመገፋቱ ብቻ ሊድን ይችላል።

በጁባ ያለው ወታደር ደግሞ የራሱ የሆነ ፈተና አለበት፤ ይኸውም ማደሪያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን ተልእኮ በሐምሌ 2011 ከተቋቋመ ጀምሮ በካምፖቹ የሚታየው ማደሪያና ቢሮ በብዛት ኮንቴይነር ወይም በኮንቴይነር ልክ የተሠራ ተገጣጣሚ ቤት ነው። የተለመደው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ ሲለካ ወርዱ 2 ሜትር ከ35፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ39፣ ርዝመቱ ደግሞ 5 ሜትር ከ90 ያህል ነው። ወርዱና ቁመቱ እኩል ለመሆን ጥቂት እንደቀራቸው ልብ ይሏል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ በጁባ የቀን ሙቀት፣ በ35 ዲግሪ፣ 352 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስሌቱ ሲሠራ በግድግዳና በግድግዳ፣ በወለልና በጣሪያ መካከል የሚመላለሰው ድምፅ ሁለቱም በ75 ኸርትዝ አካባቢ ይገናኛሉ። ቤዝ ጊታሩ በዚያ ኖታ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው አብሮት ይዘፍናል፤ አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ የጎረቤት ጓድም ግድግዳውን ይደበድባል። ይህን የሚፈውስ ካፓሲተር የለም።

ሳጥኖቹን በአጭሩ ግድግዳ በኩል አቁሞ ድምፁን በርዝመቱ መልቀቅ፣ አድማጩም በመካከል ወይም ግድግዳ ተደግፎ ሳይሆን ከርዝመቱ ሲሶ አካባቢ መቀመጥ ይረዳል። ትርፍ ፍራሽ ካለ በጥጉ ቢቆም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስስ ብርድ ልብስ ግን የቱዊተሩን ጩኸት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አይነካውም። በሩን መክፈት ከሁሉም ይሻላል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይወጣል፣ ትንኝም ይገባል።

እንዲያውም በእኛ አስተያየት ለኮንቴይነር ትልቁን ሳጥን መመኘት አይገባም። የእንግሊዙ የራዲዮ ድርጅት ቢቢሲ በ1970ዎቹ ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለውን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያሠራው ከስቱዲዮ ውጭ ለሚሰማሩ የማሠራጫ መኪኖች፣ ማለትም ሰው እንደ ልቡ መዘርጋት ለማይችልባቸው የብረት ክፍሎች ነበር። ያ ሳጥን ከአንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ብዙ አይበልጥም፤ የሰውን ድምፅ በማስማት ግን እስከ ዛሬ በዓለም ይመሰገናል። ትንሹ ለጁባ፣ ትልቁ ለቤት ይሁን።

በአገር ቤት ያለው ክፍል ሌላ ነው። የሲሚንቶ ወለልና ራቁቱን የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀጭኑን ድምፅ እየመለሱ ጆሮ ያደክማሉ፤ በሳጥኖቹና በአድማጩ መካከል አንድ ስጋጃ ማንጠፍ፣ በመስኮቱም ወፈር ያለ መጋረጃ መስቀል የዚህ መድኀኒት ነው። በነገራችን ላይ፣ በአቡጀዴ ኮርኒስ የተሸፈነ የጭቃ ቤት ለሙዚቃ ከብዙ ቪላ ይሻላል፤ ጭቃውም ጨርቁም ድምፁን ስለሚውጡት ዘፋኙ ብቻውን ጥርት ብሎ ይቀራል። የሳጥኑም ከፍታ ይታሰብበት። ቱዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ መሆን ይገባዋል፤ በሶፋ የሚቀመጥ ቤተሰብና በበርጩማ የሚቀመጥ ቤተሰብ ደግሞ ጆሯቸው እኩል አይደለም። አናጢ ከሞራሌ የሚሠራው አጭር መቆሚያ፣ እግሩ እንዳይወላገድ ሆኖ ከተሠራ፣ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው አያንስም።

ቀጥሎ ሽቦው ይታይ። ሁለቱ ሳጥኖች ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተዛንቆባቸው ከሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም ይጠፋል፣ ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም። የአንዱን ሳጥን ሁለት ሽቦዎች ብቻ አገላብጦ ማድመጥ በቂ ፈተና ነው፤ ቤዙ የሚወፍርበትና ድምፁ ከመካከል የሚመጣበት ትክክለኛው ነው። ምልክቱ በጠፋበት አሮጌ ውፈር ላይ ደግሞ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያህል ይነካበት፤ ሾጣጣው ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የነካው ቀዩ ነው። ይህ ለውፈር ብቻ ነው፤ ቱዊተር በባትሪ አይነካም።

አሁን ወደ ማድመጡ እንምጣ። ብዙ ሰው አዲስ ሳጥን ሲፈትን የሚያስቀድመው የሚደልቅ ቤዝ ያለበትን ዘፈን ነው፤ ይህ ስንዴ ሊገዛ ሄዶ ጆንያውን እንደ መመርመር ነው። የድምፅ ማጉያ ጥራት የሚታወቀው በመካከለኛው ድምፅ፣ የሰው ጉሮሮ፣ ማሲንቆና ሳክስፎን በሚኖሩበት ክልል ነው። በዚህ ረገድ የእኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው፤ የፈተናው ሙዚቃ የተሠራው በገዛ ወገኖቹ ነውና። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው ያደገው በደንብ ልብስ ውስጥ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፍነዋል፤ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጥተዋል። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። አምሃ እሸቴ በ1969 የመጀመሪያውን ሸክላ ካሳተመ በኋላ እስከ 1975 ድረስ በርካታ የ45 ዙር ሸክላዎችን አውጥቷል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሰናዳው ኤቲዮፒክ የተባለ ተከታታይ ኅትመት ብዙዎቹ እንደገና ወጥተዋል።

የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ለፈተና የተመቸ ነው። በደህና ሳጥን ሲሰማ እስትንፋሱ ይለያል፣ ሽለላው እንደ ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ በታመመ ሳጥን ግን እንደ መኪና ጥሩምባ ይጮኻል። በአንድ ማይክሮፎን የተቀዱ አሮጌ ዘፈኖችም ለጥንድ ሳጥን ጥሩ ዳኛ ናቸው፤ በሁለቱም ሳጥን የሚወጣው ድምፅ አንድ ዐይነት ስለሆነ ዘፋኙ በትክክል ከመካከል መሰማት አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከሁለቱ አንዱ ደክሟል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ተራ ንግግር ነው። ጁባ ራዲዮ የሚደመጥባት ከተማ ናት፤ በ2006 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ራዲዮ ሚራያ በ101 ኤፍኤም ይሰማል፤ ስሙ በዐረብኛ መስታወት ማለት ነው። ዜና አንባቢው ደረቱ ውስጥ በርሜል ያለው ከመሰለ ወይም «ሰ» እና «ሸ» እየተፏጩ ከወጡ ሳጥኑ ወይም ክፍሉ አንድ ነገር አለበት። የቢቢሲ መሐንዲሶች ድምፅ ማጉያ ሲያሠሩ የሚያውቁት ሰው ሲናገርና ያው ንግግሩ ተቀድቶ ሲሰማ እያነጻጸሩ ይፈትኑ ነበር። ይህ በማንኛውም ወታደር ቤት ሊደረግ ይችላል። አባት ከቤት ውጭ፣ በሜዳ፣ ጥቂት ቃላት በስልኩ ይቅዳ፤ ከዚያም በሳጥኑ በኩል ይሰማና እርሱ ራሱ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ያንኑ ይድገመው። ለስድስት ወርና ለዓመት ያንን ድምፅ በስልክ ስትሰማ የኖረች ሚስት የትኛው የባሏ፣ የትኛው የሳጥኑ እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻትም።

ካቻቢቴው የሚነሣበት ጊዜ የለም አንልም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ ብዙ ውፈሮች ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበሰብሳል። ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚዘልቅባት በጁባ ይህ ይፈጥናል። ጣት ሲነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ መለወጥ አለበት፤ ልኩን የጠበቀ አዲስ ዙሪያ በዋናው ሾጣጣ ላይ ማጣበቅ ውፈሩን በሙሉ ከመቀየር ይመረጣል፤ ሳጥኑ የተሰላው ለዚያ ውፈር ነውና። ጎማ ዙሪያ ያለው ብዙ ዕድሜ አለው፤ አይነካ። ቺፕውድ ሳጥን በወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ምስጥም ይወድደዋል።

እንደ ኤል 100 ያሉት ሳጥኖች በፊታቸው የመካከለኛውንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን የሚያስተካክሉ ቁልፎች አሏቸው። በአሮጌዎቹ ላይ ቁልፉ አቧራ ይዞ ድምፁን ያፍናል፤ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ወዲያና ወዲህ ሃያ ጊዜ ያህል ማዞር ብቻ «የሞተውን» ቱዊተር የሚያስነሣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካፓሲተርን በተመለከተ፣ በአሮጌ ሳጥኖች ውስጥ ድምፁን ለውፈርና ለቱዊተር በሚያከፋፍለው ሰሌዳ ላይ ያሉት የኤሌክትሮሊቲክ ዐይነቶች ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ከልካቸው ይወጣሉ። መለወጥ ካስፈለገ የማይክሮፋራዱ ቁጥር ያው ይሁን፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ያለው ተራ የራዲዮ ካፓሲተር አይግባ። በውድ ፊልም ካፓሲተር ሲተካ ቱዊተሩ ከቀድሞው የበለጠ ሊጮህ እንደሚችልም ይታወቅ። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ቀን አይፍቱ። አንዱ ብቻ ይለወጥ፤ ሌላው ሳይነካ ምስክር ሆኖ ይቆይ። በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳው ዘፈን ይከፈትና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ለአንድ ሳምንት ይደመጡ። የወጣውም ዕቃ በፖስታ ታሽጎ፣ ቀኑና ልኩ ተጽፎበት ይቀመጥ። አዲስ የተገዛ ሳጥን ከሆነ መክፈቱ ብዙውን ጊዜ ዋስትናውን ያሳጣል።

ቱዊተር የሚቃጠለው በትልቅ አምፕሊፋየር ነው የሚለው እምነትም ይታረም። አቅሙ ያነሰ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ሲከፈት ድምፁ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠው ድምፅም በቀጭን ኃይል የተሞላ ስለሆነ ሁሉም በቱዊተሩ ላይ ይወርዳል። የጄኔሬተር ቮልት ሲወርድ ይህ ይብሳል። ስለዚህ በካምፕ ስታቢላይዘር ሳይገዙ ቱዊተር መግዛት አይመከርም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሳጥኑ በቦታው ቆሞ፣ ሽቦው ተስተካክሎ፣ ስፖንጁም ደህና ሆኖ፣ አባወራው አሁንም «ታፍኗል፤ ቃሉ አይሰማም» ቢልስ? ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዋናው ለዚህ ጥያቄ ነው።

የወታደር ጆሮ እንደ ሌላው ሰው ጆሮ አይደለም። የጠመንጃ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፤ ከ140 ያለፈ ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ረቂቅ የፀጉር ሕዋሶች በእያንዳንዱ ጆሮ ከ15 ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ የሞተውም አይተካም። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ3000 እስከ 6000 ኸርትዝ ባለው ክልል፣ በተለይ በ4000 አካባቢ ነው። እነ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ተለይተው የሚታወቁት በቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ፣ ይህን ክልል ያጣ ሰው ድምፅ አልሰማም አይልም፤ ይሰማል፣ ግን ቃሉ አይለይለትም። «ምን አልሽ?» ያበዛል። «አጉረምርመሽ አትናገሪ» ይላል። ሳጥኑንም «ታፍኗል» ይለዋል። ከዚያም ኃይለኛ ቱዊተር ገዝቶ ያስገባል፤ ለእርሱ አሁን ተስተካከለ፣ ሕፃኑ ግን ጆሮውን በእጁ ይይዛል፤ ሚስትም ራስ ምታት አለብኝ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እርሱም በቀረው ጆሮው ላይ ሌላ ሸክም ጨመረበት።

ሸክሙን መለካት ይቻላል። ለሥራ ቦታ ጤና በተቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። መለኪያ የሌለው ቤት፣ ክንድ ያህል ርቆ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ 85 እንደታለፈ ይገምት። ቀኑን በጄኔሬተር አጠገብ ወይም በተኩስ ልምምድ ያሳለፈ ወታደር ደግሞ የዕለቱን ድርሻ ጨርሶ ነው የሚመጣው፤ ማታ ሙዚቃው ለስላሳ መሆን አለበት። በልምምድ ቦታ የጆሮ መከላከያ ማድረግ ፍርሃት የሚመስለው ወጣት ካለ አለቃው ቢነግረው መልካም ነው። ከተኩስ በኋላ የሚሰማው የጆሮ ጩኸት በማግሥቱም ካልተወ ለሐኪም የሚነገር እንጂ የሚለመድ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሳጥኑ ነው የታመመው ወይስ ጆሮው የሚለውን ለመለየት በቤት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ዘፈንና ጥቂት የዜና ንግግር ይመረጥ፤ ድምፁ መካከለኛ ሆኖ ሁለቴ ይሰማ። ባል፣ ሚስትና ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ሳይነጋገሩ የሰሙትን በየወረቀታቸው ይጻፉ፦ ቃላቱ ሁሉ ተለይተው ተሰምተዋል ወይ? «ሰ» ይፏጫል ወይስ ጠፍቷል? ቤዙ ያብጣል ወይ? ከዚያ ወረቀቶቹ ይነጻጸሩ። ሦስቱም አንድ ነገር ከጻፉ ሳጥኑ ይፈተሽ። ሚስትና ልጅ «ጥርት ብሎ ይሰማል» ብለው አባት ብቻ «ታፍኗል» ብሎ ከጻፈ ቀጠሮው ከራዲዮ ጠጋኙ ጋር ሳይሆን ከጆሮ ሐኪም ጋር ይሁን። ሚስትም በዚህ ጊዜ «ነግሬህ ነበር» ባትል እንወዳለን፤ ሰውየው ጆሮውን የጣለው በመንደር ሳይሆን በግዳጅ ነው።

የመስማት ምርመራው አያምም፤ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ የሚመጡ ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፆችን ሲሰሙ ምልክት መስጠት ነው። ውጤቱም በወረቀት ላይ በመስመር ይሣላል፤ የተኩስ ጉዳት ካለ መስመሩ በ4000 ኸርትዝ ገደማ ወደ ታች ጎድጎድ ይላል። ለምርመራው የሚሄድ ሰው ከዚያ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ከተኩስ፣ ከጄኔሬተር ጩኸትና ከከፍተኛ ሙዚቃ ይራቅ፤ አለዚያ የዕለቱ ድካም ከቆየው ጉዳት ጋር ይቀላቀልበታል። ወረቀቱን እቤት ያስቀምጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው።